ትልቅ ድርጅት ውስጥ ስለ ደሞዝ፣ ጥቅማጥቅምና አለቃ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

አሥራ አንድ ዓመት አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁ። ሠራተኛው በሺዎች የሚቆጠር፣ ሊፍት ውስጥ ከምታገኙት ሰው ግማሹን የማታውቁት ዓይነት። በዚህ ጊዜ ሦስት ክፍል ቀይሬ አምስት አለቃ አይቻለሁ። ስሙን አልጠራም፣ ብትጠይቁኝም አልናገርም። ሥራ ሊጀምሩ ያሉ ልጆች፣ ጭማሪ የዘገየባቸው ጓደኞች፣ አለቃቸው እንቅልፍ የነሳቸው ዘመዶች የሚጠይቁኝ ነገር እየተደጋገመ ሲመጣ፣ በቃ አንድ ቦታ ልጻፈውና ልገላገል አልኩ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፤ ከታች ያለው ሁሉ የሚዞረው እዚህች ላይ ነው። ሰው "ድርጅቱ እንዴት ነው?" ብሎ ይጠይቀኛል። ድርጅቱን ማንም አግኝቶት አያውቅም። እናንተ የምታገኙት አንድ የቅጥር ደብዳቤና አንድ የቅርብ አለቃ ነው። ሁለቱን በደንብ አንብቡ።

ትልቅ ድርጅት ደሞዙ እውነት ይሻላል?

ብዙውን ጊዜ አዎ። ለእናንተ ግን ይሻላል ወይ፣ ያ ሌላ ጥያቄ ነው።

ትልቅ ድርጅት ደህና የሚከፍለው ደግ ሆኖ አይደለም። ሰው በለቀቀ ቁጥር ስለሚከስር ነው። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1914 የቀን ክፍያውን በእጥፍ ገደማ አሳድጎ 5 ዶላር ያደረገው ለዚህ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ወደ 14 ሺህ የሚጠጋ ሠራተኛ ይዞ ለመቆየት ከ50 ሺህ በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት፤ ሰዉ በአንድ በር ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር። ይህቺን ታሪክ ሁሉም ያወራታል። የማይወራው ሌላኛው ግማሽ ነው። ከ5 ዶላሩ ግማሽ ያህሉ የትርፍ ድርሻ ተብሎ የሚሰጥ ስለነበር፣ እሱን ለማግኘት የኩባንያው ሰዎች ቤት ድረስ እየመጡ ይጠጣል ወይ፣ ይቆጥባል ወይ፣ ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ ብለው ይመረምሩ ነበር። ዛሬ ቤት የሚመጣ የለም። ግን ጠቀም ያለ ቁጥር ሲነገራችሁ ከጀርባው ምን ቅድመ ሁኔታ እንዳለ መጠየቅ አትርሱ።

ሌላው ደግሞ ደረጃ የሚባለው ነገር ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ ደረጃ አላቸው፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ ደግሞ መነሻና ጣሪያ። አንድ ደረጃ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያንኑ ሥራ እየሠሩ አንዱ መነሻው ላይ፣ ሌላው ጣሪያው ሥር ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ "ደሞዙ ስንት ነው?" ብላችሁ አታብቁ። "ደረጃው ስንት ነው? መነሻውና ጣሪያውስ?" በሉ። አንዳንዱ ይነግራችኋል፣ አንዳንዱ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ፈገግታውም መልስ ነው።

መጀመሪያ ያሉኝን ብቀበልስ? በኋላ በጭማሪ ይስተካከላል አይደል?

አይስተካከልም። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የገባሁት።

ሒሳቡን እዩት። አንዷ በ10,000፣ ሌላው በ12,000 ተቀጠሩ እንበል። ሁለቱም በየዓመቱ እኩል 7 በመቶ ቢጨመርላቸው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ እሷ ወደ 19,670፣ እሱ ወደ 23,600 ይደርሳሉ። ልዩነቱ 2,000 ነበር፣ አሁን 3,900 አልፏል። ማንም አልበደላትም፣ ጭማሪው እኩል ነው፣ ሥራዋም ጥሩ ነው። ግን በመቶኛ የሚጨመር ደሞዝ የመጀመሪያዋን ቀን አይረሳም። ጡረታውም፣ ቦነሱም፣ ትርፍ ሰዓቱም ከመሠረታዊ ደሞዝ ላይ የሚሰላ ከሆነ ያቺ የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ቦታ ተከትላችሁ ትሄዳለች።

እኔ ይህን የተማርኩት በሦስተኛው ዓመት፣ ያውም ፕሪንተር ላይ ነው። መሽቷል፣ ቢሮው ባዶ ነው። የራሴን ወረቀት ላነሳ ስል ከሥሩ ሌላ ወረቀት አለ። የክፍላችን ሰዎች ስም፣ ከጎኑ ደሞዝ። ገልብጬ አስቀመጥኩት። ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ተመለስኩና ገልብጬ አየሁት። እኔ ራሴ ሥራ ያለማመድኩት ልጅ ከእኔ በላይ ነበር፣ ያውም በጥቂቱ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ልጁ ላይ ተናደድኩ። ጠዋት ላይ ነው የገባኝ፤ ልጁ ምን አጠፋ? እሱ ሲገባ ጠየቀ፣ እኔ አልጠየቅኩም። በቃ።

ደብዳቤው ላይ ያለው ደሞዝና እጄ የሚገባው ለምን አይገናኝም?

ደብዳቤው ላይ ያለው ጥቅል ደሞዝ ነው። እጃችሁ የሚገባው ግብር፣ የጡረታ መዋጮና ሌሎች ተቀናሾች ከወጡለት በኋላ የሚተርፈው ነው። እዚህ ላይ ብዙ የሚወራ የለም፣ ከአንድ ነገር በቀር፦ ከመፈረማችሁ በፊት "የተጣራው ስንት ይሆናል?" ብላችሁ አስሉ።

ደግሞ የወር የደሞዝ መግለጫችሁን አንብቡ። ጠቅላላውን ብቻ አትዩ፣ መስመር በመስመር አንብቡ። እኔ አንድ ጊዜ አራት ወር ሙሉ ትርፍ ሰዓቴ ሳይከፈለኝ ቀርቷል። ተንኮል አልነበረም። ክፍል ስቀይር የቀድሞው አለቃዬ ፊርማ ሲስተሙ ላይ ሳይቀየር ቀርቶ፣ ቅጹ በየወሩ ወደ እሱ እየሄደ እሱ ጋ ይቀመጥ ነበር። ካላየሁት ማንም አያይልኝም ነበር። የተከፈለኝም ያኔውኑ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ ነው።

ጭማሪ ተደረገልኝ፣ ግን ኑሮዬ ላይ ምንም አልተሰማኝም። ለምን?

ምናልባት ስላልተጨመረላችሁ ይሆናል። ደሞዛችሁ በ8 በመቶ ጨምሮ ዋጋ በ10 በመቶ ከጨመረ፣ 10,000 የነበረው 10,800 ሆኖ የሚገዛው ግን ድሮ 9,800 ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ወረቀቱ ላይ "እንኳን ደስ አለዎት" የሚል ነገር አለ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ግን ደሞዛችሁ ቀንሷል።

ጭማሪ ሲሰጣችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ለሁሉም የተሰጠ የኑሮ ውድነት ማካካሻ ነው? በምዘና ውጤት የመጣ ነው? የእርከን ነው? ወይስ ዕድገት ነው? አለቆች እነዚህን ሆን ብለውም ባይሆን ይደባልቋቸዋል። ሁሉም ሰው ያገኘውን ማካካሻ "ሥራሽን አይተን ነው" ብሎ የሰጠኝ ነበር። አመስግኜው ወጣሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ሙሉ ያንኑ እንደተባለ ሰማሁ።

ጥቅማጥቅሙን ከደሞዝ ጋር እንዴት ልደምረው?

የምትጠቀሙበትን ብቻ ደምሩ። ሌላው ጌጥ ነው።

ድርጅት ለምን ጥሬ ገንዘብ በመስጠት ፈንታ ጥቅማጥቅም ያበዛል የሚለው ጥያቄ ራሱ ደስ ይላል። አሜሪካ ውስጥ የጤና ዋስትና ከሥራ ጋር እንዲህ የተጣበቀበት አንዱ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1942 በጦርነቱ ጊዜ መንግሥት የደሞዝ ጭማሪን ስለገደበ ነው። ድርጅቶች ደሞዝ መጨመር ሲከለከሉ ሠራተኛ መሳቢያ ሌላ መንገድ ፈለጉ፣ ኢንሹራንሱ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሥራ መልቀቅ ማለት ለብዙ ሰው ሐኪሙንም መልቀቅ ሆነ። ጥቅማጥቅም ስጦታም ነው፣ ማሰሪያ ገመድም ነው። ሁለቱንም እያያችሁ መዝኑት።

የሕክምና ሽፋን ሲባል እኔ የምጠይቃቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። የዓመት ጣሪያው ስንት ነው? ቤተሰብን ያካትታል ወይ፣ ቤተሰብ ሲሉስ ወላጅ አለበት? መጀመሪያ ከኪሴ ከፍዬ ነው የሚመለስልኝ፣ ከሆነስ በስንት ቀን? ጥርስና መነጽር አለ? "ሙሉ ሕክምና" የሚለው ቃል ደብዳቤ ላይ ያምራል፤ ጣሪያውን ካላወቃችሁ ግን ምንም አይነግራችሁም። አንዲት ባልደረባዬ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ነው ጣሪያ እንዳለው ያወቀችው።

የጡረታ ቁጠባ ላይ ድርጅቱ እናንተ የቆጠባችሁትን ያህል ወይም በከፊል የሚጨምር ከሆነ፣ አለመቆጠብ ማለት ከደሞዛችሁ ላይ ቆርሳችሁ መተው ነው። ግን ድርጅቱ የጨመረው መቼ ነው ሙሉ በሙሉ የእናንተ የሚሆነው? ብዙ ቦታ ዓመታት መቆየት ያስፈልጋል። አክሲዮን የሚሰጡም እንደዚሁ ናቸው። በተለይ በቴክኖሎጂ ድርጅቶች የተለመደው በአራት ዓመት ተከፋፍሎ መስጠት ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት ሳትጨርሱ ከወጣችሁ ባዶ እጃችሁን ነው። አሥራ አንደኛው ወር ላይ ተናዶ የለቀቀ ልጅ አውቃለሁ። ንዴቱ ትክክል ነበር፣ ቀኑን ግን ቢያየው ጥሩ ነበር።

ደግሞ ቁጠባችሁን ሁሉ ደሞዝ በሚከፍላችሁ ድርጅት አክሲዮን ውስጥ አታስቀምጡ። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኢነርጂ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወድቅ የጡረታ ገንዘባቸውን በራሱ በኤንሮን አክሲዮን የያዙ ሠራተኞች ሥራቸውንም ቁጠባቸውንም አንድ ላይ ነው ያጡት። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ 90 ዶላር ይሸጥ የነበረው አክሲዮን ከ1 ዶላር በታች ወርዶ ነበር።

ፈቃድ አለኝ፣ ግን መውሰድ አልቻልኩም። ምን ላድርግ?

ደብዳቤውና አለቃው የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ስምምነት አንድ ዓመት ለሠራ ሰው ቢያንስ ሦስት የሥራ ሳምንት ፈቃድ ይላል፤ ከፋፍሎ መውሰድ ቢፈቀድም በመርህ ደረጃ ቢያንስ ሁለቱ ሳምንት ሳይቆራረጥ መሆን አለበት። ያንን የፈረሙ አገሮች አሉ፣ ያልፈረሙ አሉ። የእናንተ ሕግ ምን እንደሚል ተመልከቱ። ግን ሕጉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ፈቃድ ቅጹን ይዛችሁ ስትገቡ አለቃው ረጅም ትንፋሽ ከተነፈሰ ትመለሳላችሁ። እኔ ሁለት ዓመት ተመልሻለሁ።

በኋላ ዘዴ አገኘሁ። በዓመቱ መጀመሪያ፣ ማንም ሳይቸኩል፣ ዓመቱን ሙሉ የምወስዳቸውን ቀኖች በአንድ ኢሜይል ልኬ አስፈቅዳለሁ። ሰው ስድስት ወር ለሚቀረው ነገር እምቢ ማለት ይከብደዋል። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ፈቃድ ጠያቂ አይደለሁም፣ ማስታወስ ብቻ ነው።

"ፈቃዳችን ገደብ የለውም" ከሚሉት ተጠንቀቁ። ቁጥር የሌለው ፈቃድ ስትለቁ የሚከፈላችሁ ቀሪ ቀን ላይኖረው ይችላል። ቃለ መጠይቅ ላይ "አምና ሰዉ በአማካይ ስንት ቀን ወሰደ?" በሏቸው።

ቦነሱን እንደ ደሞዝ መቁጠር እችላለሁ?

አትችሉም። ደብዳቤው ላይ "እንደ ድርጅቱ ውሳኔ" የሚል ሐረግ ካለ ቦነሱ ተስፋ ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም። ባንክ እስኪገባ ዕዳ አትግቡበት።

ደሞዜን ለባልደረባዬ ብናገር ነውር ነው? ልከሰስ እችላለሁ?

ነውር የሚያደርገው የለመድነው ነገር ነው። ዝምታው የሚጠቅመው ደግሞ ሁልጊዜ ከፋዩን ነው።

ሊሊ ሌድቤተር የምትባል ሴት አሜሪካ ውስጥ ጉድየር የጎማ ፋብሪካ ከ1979 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ሠርታለች፣ የፈረቃ ኃላፊ ነበረች። ልትወጣ አካባቢ አንድ ሰው ስሙን ሳይጽፍ ብጣሽ ወረቀት ተወላት። ወረቀቱ ላይ የእሷና ያንኑ ሥራ የሚሠሩ የሦስት ወንዶች ደሞዝ ነበር። በኋላ በክሱ እንደታየው እሷ በወር 3,727 ዶላር፣ ያንኑ ሥራ ከሚሠሩት 15 ወንዶች ዝቅተኛው 4,286፣ ከፍተኛው 5,236 ያገኙ ነበር። ከሰሰች። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2007 አምስት ለአራት ተረታች፤ ምክንያቱም ክሱ በ180 ቀን ውስጥ መቅረብ ነበረበት ተባለ። የማታውቀውን ነገር በ180 ቀን እንዴት ትክሰስ? በኋላ ሕጉ ተቀየረ፣ በስሟ የተሰየመው ሕግ በጥር 2009 እ.ኤ.አ. ተፈረመ። እሷ ግን ከዚያ ፋብሪካ ልዩነቷን አላገኘችም።

እኔ የፕሪንተሩን ወረቀት ሳስታውስ የእሷ ብጣሽ ወረቀት ትዝ ይለኛል። ሁለታችንም ያወቅነው በአጋጣሚ ነው።

ወደ ጥያቄው ስንመለስ፦ አሜሪካ ውስጥ አለቃ ያልሆኑ የአብዛኞቹ የግል ድርጅት ሠራተኞች ስለ ደሞዛቸው የመነጋገር መብት እ.ኤ.አ. ከ1935ቱ የሠራተኞች ሕግ ይመነጫል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ባወጣው መመሪያ ሥራ ፈላጊ የደሞዙን መነሻ ወይም ክልል አስቀድሞ እንዲያውቅ፣ ሠራተኛውም በተመሳሳይ ሥራ ላይ ያሉት በአማካይ ስንት እንደሚከፈላቸው መጠየቅ እንዲችል ይላል። የእናንተ አገር ሕግና ውላችሁ ሌላ ሊል ስለሚችል መጀመሪያ አንብቡት። ከዚያ የምታምኑትን አንድ ሰው "አንተ ስንት ነህ?" ብላችሁ አትጀምሩ። የራሳችሁን ተናገሩ። ሰው ሲነገረው ይናገራል።

የአፈጻጸም ምዘናው ፍትሐዊ ነው?

ቅጹ ፍትሐዊ ይመስላል። አሠራሩ ግን ቅጹ ላይ የለም።

ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ አለቃችሁ ነጥብ ከሰጠ በኋላ አለቆቹ ሁሉ አንድ ክፍል ገብተው ነጥቦቹን ያመዛዝናሉ። "ሁሉም ሰው በጣም ጥሩ ሊሆን አይችልም" ተብሎ የተወሰነ ሰው ከላይ፣ የተወሰነ ከታች እንዲሆን ይደረጋል። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ይመራ የነበረው ጃክ ዌልች ይህን አሠራር በጣም ያስፋፋ ሰው ነው፦ 20 በመቶ ከላይ፣ 70 መሐል፣ 10 በመቶ ወደ በሩ። ማይክሮሶፍት ተመሳሳይ ነገር ለዓመታት ይዞ በ2013 እ.ኤ.አ. ተወው። ጎበዞች ከጎበዞች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መሥራት አይፈልጉም፣ ለምን ይፈልጋሉ? አንዱ የግድ መጨረሻ ሊወጣ ነው።

እናንተ በሌላችሁበት ክፍል ውስጥ ስለ እናንተ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው። አለቃችሁ። እሱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሠራችሁትን አያስታውስም፣ እናንተም አታስታውሱትም። ስለዚህ ምዘናው ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። ረጅም አይሁን። ምን ሠራሁ፣ ምን ተለወጠ፣ ማን ይመሰክራል። እኔ ይህን ከጀመርኩ በኋላ አንድ አለቃዬ "አንቺ እኮ ሥራዬን አቀለልሽልኝ፣ ገልብጬ ነው ያስገባሁት" አለኝ። ገልብጦ ማስገባቱ ትንሽ ቅር አሰኘኝ፣ ውጤቱ ግን ጥሩ ነበር።

አለቃዬ መጥፎ ነው። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የቱ ዓይነት መጥፎ እንደሆነ ለዩ። ካየኋቸው አምስት አለቆች ክፉ የምለው አንዱን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ክፉ አልነበረም፣ አለቃ መሆን አልቻለበትም ነበር። በሙያው ከሁላችንም ይበልጥ ነበር፣ ስለዚህ አለቃ አደረጉት፣ እኛም ጎበዝ ባለሙያ አጥተን ግራ የገባው አለቃ አተረፍን። ሥራ መሥራትና ሰው ማሠራት ለየቅል ነው። ማታ ማታ የእኛን ሪፖርት ራሱ እንደ አዲስ ይጽፈው ነበር። ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር መኖር ይቻላል፤ ገና ሳትጀምሩ "እንዴት ይሁንልዎት?" ብላችሁ ናሙና ማሳየት ነው።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነበር። ሦስት ሳምንት የሠራሁትን ማቅረቢያ ወስዶ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የራሱን ስም አድርጎ ለበላይ ኃላፊዎች አቀረበው። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ። አሥራ አራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ የእኔ ስም በትንሹ እንዳለ ነበር፣ ሳያየው ቀርቶ። አንዷ ኃላፊ ጣቷን ቀስራ "ይሄ ስም የማን ነው?" አለች። "ረዳቴ ናት፣ ፊደሉን ያስተካከለችው" አላት፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ። ምንም አላልኩም። እስከ ዛሬ ያቺን ዝምታዬን አልወዳትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እያንዳንዱን ንግግር በጽሑፍ መዝጋት ጀመርኩ። ከክፍሉ ስወጣ ወዲያው ኢሜይል፦ "ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት ሪፖርቱን እኔ አዘጋጅቼ ሐሙስ አደርሳለሁ። የተሳሳትኩት ነገር ካለ ይንገሩኝ።" ጨዋ ነው፣ አጭር ነው፣ ቀን አለው። የሚመለከተው ሌላ ሰው ካለ ኮፒ ውስጥ ይገባል። ክፉ አለቃ ይህን አይወደውም፣ ግን ምን ብሎ ይከለክላል?

አለቃው የማይቻል ነገር ሲያዝስ? ይህኛው ይከብዳል፣ አንዳንዴ ግፊቱ ከእሱም በላይ ስለሆነ። ዌልስ ፋርጎ የተባለው ባንክ በ2016 እ.ኤ.አ. 185 ሚሊዮን ዶላር የተቀጣው ሠራተኞቹ ደንበኞች ያልጠየቁትን ሒሳብ በስማቸው ስለከፈቱ ነበር። ከላይ የወረደው የሽያጭ ኮታ የሚደረስበት አልነበረም። ታዲያ በዓመታት ውስጥ የተባረሩት 5,300 ገደማ ሠራተኞች ሲሆኑ አብዛኞቹ ታች ያሉት ነበሩ። "አለቃዬ አዞኝ ነው" የሚለው ነገር ፋይል ውስጥ ካልተጻፈ የለም። ሕግ የሚያስጥስ ትእዛዝ ከመጣ በጽሑፍ ይሰጠኝ በሉ። ብዙውን ጊዜ ትእዛዙ እዚያው ይቀራል።

ጥሩውን አለቃም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰው ጥሩ አለቃ ምን እንደሚመስል ካላየ ሁሉንም ይለምዳል። ሦስተኛው ነበር። በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት። ላፕቶፑን ይዘጋል፣ ስልኩን ይገለብጣል፣ "ምን ያዘሽ?" ይለኛል። እሺ፣ ይኸው ነው። ካልኩት ውስጥ ምናልባት ሦስተኛውን እጅ ይፈታልኝ ነበር፣ ያልቻለውን ደግሞ "ይሄን አልችልም" ይለኛል። እሱ በነበረበት ሁለት ዓመት የተለየ ጭማሪ አልነበረም፤ ከእኛ ክፍል ግን አንድም ሰው አልለቀቀም።

ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) ጋ ልሂድ?

ሂዱ፣ ግን የማን እንደሆኑ አውቃችሁ ሂዱ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ ደሞዛቸውን የሚከፍለው ግን ድርጅቱ ነው፣ ሥራቸውም ድርጅቱን ከአደጋ መጠበቅ ነው። የእናንተ ችግር ለድርጅቱም አደጋ ከሆነ ይፈጥናሉ፦ ያልተከፈለ ሕጋዊ ክፍያ፣ ትንኮሳ፣ መድልዎ፣ የደኅንነት ጉዳይ። "አለቃዬ አይወደኝም" ካላችሁ ሻይ አጠጥተው ይሸኟችኋል።

ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ምን አለ፣ ማን ሰማ። ይህን ይዛችሁ ግቡ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ደግሞ ከኤችአር በፊት እዚያ ጎራ በሉ፣ የኅብረት ስምምነቱን ከእናንተ በላይ ያውቁታል።

ጭማሪ እንዴት ልጠይቅ?

በጀት ከመዘጋቱ በፊት። ጎበዝ ሠራተኞች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ የዓመቱ ምዘና ላይ ይጠይቃሉ፣ ያኔ ገንዘቡ ተከፋፍሎ አልቋል። በጀት የሚዘጋጀው መቼ እንደሆነ አንድ ነባር ሠራተኛ ጠይቁ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ ግቡ።

"ኑሮ ተወደደ" አትበሉ። እውነት ነው፣ ግን ለአለቃችሁም ተወዷል። ስትቀጠሩ የነበረውን ሥራና ዛሬ የምትሠሩትን አስቀምጡለት። እኔ አራተኛው አለቃዬ ጋ ስገባ ሁለት ወረቀት ይዤ ነበር፦ የድሮውን የሥራ መዘርዝሬንና አሁን በየሳምንቱ የምሠራውን። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ዝም ብሎ አያቸውና "አሁን አይቻልም" አለኝ።

"እሺ፣ ምን ባሟላ ይቻላል? መቼስ?" አልኩት።

ትንሽ አሰበና ሁለት ነገር ነገረኝ። በኢሜይል ጻፍኩት። ሰባት ወር ወሰደ፣ ግን ደረጃዬ ተስተካከለ። እሱም ያንን ኢሜይል ለበላዮቹ ሲከራከርልኝ ተጠቅሞበታል።

ሌላ ቦታ ኦፈር አገኘሁ፣ አለቃዬ "ቆይ፣ እንጨምርልህ" አለኝ። ልቆይ?

የምትሄዱት ለገንዘብ ብቻ ከሆነ ልትቆዩ ትችላላችሁ፣ ግን መጠኑና የሚጀምርበት ቀን በደብዳቤ ይሁን። የምትሄዱት በአለቃው ምክንያት ከሆነ ጭማሪው አለቃውን አይቀይረውም። ደግሞ እኔ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ፤ ትናንት የለም የተባለው በጀት ዛሬ ከየት መጣ?

ልለቅ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ቀኑን። ቁጠባው የእናንተ የሚሆንበት ቀን፣ አክሲዮን የሚለቀቅበት ቀን፣ ቦነስ የሚከፈልበት ቀን፣ ያልተጠቀማችሁበት ፈቃድ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ርዝመት። የሥራ ልምድ ደብዳቤና የደሞዝ መግለጫዎቻችሁን ኮምፒውተሩን ሳታስረክቡ በፊት ውሰዱ። የድርጅቱን ፋይል ግን አትንኩ።

እኔ የለቀቅኩት ቦነስ ሊከፈል አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። ዓመቱን ሙሉ ሠርቻለሁ፣ ውጤቴም ተመዝግቧል። ግን ደንቡ "በክፍያው ቀን በሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ" ይላል። ደንቡን ያወቅኩት ክሊራንስ ስጨርስ፣ የመጨረሻው መስኮት ላይ ነው። ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ "ደብዳቤውን አንብብ" ብያለሁ መሰላችሁ።

አሁን የት ነሽ? ድጋሚ ትልቅ ድርጅት ትገቢያለሽ?

ገብቻለሁ። ከድሮው ያነሰ ነው፣ ግን ትልቅ ነው። በቃለ መጠይቁ መጨረሻ "ጥያቄ አለሽ?" ሲሉኝ ደረጃውን፣ መነሻና ጣሪያውን ጠየቅኩ፣ ነገሩኝ። ከዚያ አለቃዬ ወደምትሆነው ሴት ዞሬ "ከእኔ በፊት እዚህ ቦታ የነበረው ሰው የት ሄደ?" አልኳት።

"አድጎ ሁለተኛ ፎቅ ነው ያለው" አለችና የውስጥ ስልኩን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። "ደውይለት፣ ስለ እኔ ጠይቂው።"

ደወልኩለት።